ቀይ ዳማው የወጣበት ማለዳ

ጋጡ ባዶ ነበር። በሩ አልተሰበረም፤ መወርወሪያውም ከቦታው አልተናጋም። በጭዱ ላይ አንድ ትንሽ ገላ ተኝቶ የተነሣበት ጎድጓዳ ይታያል፤ ጥግ ላይ ደግሞ በሥርዓት የተጠቀለሉ አምስት ነጫጭ ፋሻዎች ተቀምጠዋል። ከግድግዳው ወዲያ እናቲቱ ባዝራ ልጇን እየጠራች ታሽካካለች፤ ጣሪያውን የሚደበድበው የማለዳ ዝናብ እንኳ ድምፅዋን ሊውጠው አልቻለም።

ኢንስፔክተሩ ይህን ሁሉ የተመለከተው ደጅ ቆሞ አንገቱን ብቻ አስገብቶ ነው። በረጅም የአገልግሎት ዘመኑ ስለት የያዘ ሰው ፊት ለፊት ገጥሞት አልሸሸም፤ ፈረስ ግን ይፈራል። ይህን ጉዱን እስከዚያች ማለዳ ድረስ የሚያውቁት ታላቅ እኅቱ ብቻ ነበሩ።

«ይግቡ እንጂ ጌታዬ፤ ዝናቡ እየመታዎት ነው» አለው ሳጅኑ ከውስጥ ሆኖ።

«ከዚህ ሲያዩት ነገሩ ሰፋ ብሎ ይታያል።»

ሳጅኑ አለቃውን ተመለከተ፤ የባዝራዋን ጩኸት አዳመጠ። ምሥጢሩን የሚያውቁት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሁለት ሆኑ።

ግቢው ዘራቸው የተጠበቀ የእሽቅድምድም ፈረሶች ማርቢያ ነው። ኢንስፔክተሩ የግቢው ባለቤት አንዲት ባለጸጋ ወይዘሮ መሆናቸውን ሰምቶ ስለነበር፣ የበሩን ዘበኛ በጨዋ አንደበት «እሜቴን ማነጋገር ፈልጌ ነበር» አለው። ዘበኛው ምንም ሳይገርመው በጓሮ በኩል መራውና አንድ ሰፊ በር ከፈተለት። ኢንስፔክተሩ ቆቡን ሊያወልቅ እጁን ሲያነሣ፣ ከጨለማው ውስጥ አንድ ረጅም ቀይ ፊት ብቅ ብሎ ሞቅ ያለ ትንፋሹን ግንባሩ ላይ ለቀቀበት።

«እሜቴ ይህችውልዎት» አለ ዘበኛው።

ኢንስፔክተሩ ራሱን ከሳጅኑ ጀርባ አገኘው። እዚያ እንዴት እንደደረሰ አያውቅም።

«የቤቱን ባለቤት ነው ያልኩህ!»

«የቤቱን ባለቤት ‹ወይዘሮዋ› ነው የምንላቸው። እሜቴ ባዝራዋ ናት። እርስዎ እሜቴን አሉ፤ እኔ እሜቴን አሳየሁ።»

ከዚህ ሰው ጋር ሲነጋገሩ ቃል መምረጥ እንደሚያስፈልግ ኢንስፔክተሩ ያኔ ሊገባው ይገባ ነበር። አልገባውም።

ወይዘሮዋ የተቀበሉት በሰገነታቸው ላይ ነው። መነጽራቸው በሰንሰለት ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከደረታቸው ወደ ዓይናቸው ሲወጣ ያየ ሰው ግን በግቢው ውስጥ የለም። ከጎናቸው የግቢው የእንስሳት ሐኪም ቆመዋል፤ ቀጠን፣ ጎንበስ ያሉ፣ ሲናገሩ ጫማቸውን የሚያዩ ሰው ናቸው።

«ውርንጭላው መልኩ ምን ዓይነት ነው?»

«ቀይ!» አሉ ወይዘሮዋ። «ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል? እናቱ እሜቴ መጋላ፣ አባቱ ጄኔራሉ መጋላ። መጋላ ታውቃለህ አይደል? ገላውም፣ ጋማውም፣ ጅራቱም፣ እግሩም አንድ ዓይነት ቀይ። ልጁም ሲወለድ ቀይ ሆኖ ነው የወጣው። እኔው ራሴ አይቻለሁ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?»

«ትናንት ነዋ! በየቀኑ አየዋለሁ። ከዚህ ሆኜ።»

ኢንስፔክተሩ ከሰገነቱ ወደ መስኩ ተመለከተ። በዚያ ርቀት ውርንጭላን ከውኃ በርሜል መለየት ለእሱም ቢሆን ያስቸግራል።

«ፋሻዎቹስ?»

«የእኔ ናቸው» አሉ ሐኪሙ ለጫማቸው። «የእግሩ ጅማት ላላ ብሎብኝ አራቱንም አሰርኳቸው። ጅራቱንም ስለሚያሳክከው።»

ኢንስፔክተሩ ሳጅኑ ከጋጡ ካመጣቸው ፋሻዎች አንዱን አንሥቶ አሸተተው። መድኃኒት አይሸትም። ይህን በልቡ ያዘ፤ ከያዘው በኋላ ግን ምን እንደሚያደርግበት አላወቀም።

«በሚመጣው ሳምንት የዘር መዝገብ ቤቱ ሰው ሊያየው ይመጣል» አሉ ወይዘሮዋ። «እኔ ምን ላሳየው ነው? ጭድ? ይህ ልጅ የጄኔራሉ የመጨረሻ ተስፋ ነበር። ዓምናም ካቻምናም አንድ ውርንጭላ አልተወለደለትም። ዘንድሮም ባይሆንለት ኖሮ ልሸጠው ቆርጬ ነበር። እኔ ጡረተኛ አልቀልብም!»

ሐኪሙ ስለ ፈረሱ ሲወራ ከጫማቸው ላይ ዓይናቸውን አላነሡም።

«እርስዎስ ማለዳ የት ነበሩ?» ሲል ኢንስፔክተሩ ጠየቃቸው።

«ቤቴ። ተኝቼ ነበር። ሁሉም ሰው ተኝቶ ነበር።»

ሁሉም ሰው አልተኛም ነበር። ዘበኛው በግቢው የኋላ በር አጠገብ ባለች ጎጆው ውስጥ ነቅቶ ተቀምጦ ነበር፤ እዚያው ጎጆ ውስጥ ሳጅኑ ብዕሩን አዘጋጅቶ፣ ኢንስፔክተሩ ዝናቡን ከቆቡ ላይ እያራገፈ፣ ምርመራው ተጀመረ።

«ማለዳ በዚህ በር የወጣ ነበር?»

«ነበር።»

«ማን?»

«ቀይ ዳማው።»

ኢንስፔክተሩና ሳጅኑ ተያዩ። እንዲህ በቀላሉ የተገኘ የተጠርጣሪ መልክ ገጥሟቸው አያውቅም።

«ታውቀዋለህ?»

«ሳላውቀው! ከተወለደ ጀምሮ።»

«ብቻውን ነበር?»

«አንድ ሰው ከኋላው ይከተለዋል። ጃንጥላው ሸፍኖት መልኩን አላየሁትም።»

«ተባባሪ አለው» ሲል ሳጅኑ አንሾካሾከ።

«ምን ለብሶ ነበር?»

«ማን?»

«ቀይ ዳማው ነዋ!»

ዘበኛው የሰውየውን ጤንነት እንደተጠራጠረ ሁሉ ከላይ እስከ ታች አየው። «ምንም» አለ በመጨረሻ።

ሳጅኑ «የተለየ ልብስ አልለበሰም» ብሎ ጻፈ።

«ፊቱስ ይታይ ነበር?»

«ማሰሪያ ነበረበት።»

«ፊቱ ላይ?»

«ሌላ የት ይታሰራል?»

«ፊቱን ሸፍኗል ማለት ነው! ሁኔታውስ? ይደነግጥ ነበር? ይቸኩል ነበር?»

«ኧረ ደስ ብሎት ነበር። እየዘለለ እየፈነጠዘ ነው የወጣው።»

«የሰው ድፍረት!» አለ ሳጅኑ።

«ታዲያ አንተ ለምን አልጮህክም?»

«በየማለዳው የሚወጣ የሚገባ ነው፤ ምን ብዬ ልጩኽ?»

በግቢው ውስጥ መልኩ ቀይ ዳማ የሆነ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ የፈረሶቹን የብረት ጫማ የሚመታው ወጣት። ሰው ሁሉ «ባለመዶሻው» ይለዋል። ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ቅርብ ነው፤ ኢንስፔክተሩ ሥራ ቦታው ድረስ ሄዶ ማለዳ የት እንደነበረ ሲጠይቀው ግን ሳቁ እፍ እንደተባለ መብራት ጠፋ።

«አልናገርም።»

«ብትናገር ይሻልሃል።»

«ይሻለኛል፤ ግን አልናገርም። ኢንስፔክተር፣ እባክዎት፣ ዛሬ ሐሙስ ነው። እሑድ ሠርጌ ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ከዶክተሩ ልጅ ጋር።»

ባለመዶሻው ከሰዓት በኋላ ታሰረ። አመሻሹ ላይ ሐኪሙ ወደ ጣቢያው መጡና የኢንስፔክተሩን ጠረጴዛ ጠርዝ በጣታቸው እያሻሹ ቆሙ።

«ብርድ ልብስ ሰጣችሁት?»

«ሰጥተነዋል።»

«እራትስ?»

«በልቷል። ለአማችዎ በጣም ያስባሉ።»

«አማቼ አይደለም!» አሉ ሐኪሙ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ያ ሰውዬ እሑድ ጠዋት ከዚህ ካልወጣ ሠርግ የለም። ከእስር ቤት የሚመጣ ሙሽራ እኔ ቤት አይገባም። ለልጄም ነግሬአታለሁ።» ከዚያ ድምፃቸው ተመልሶ ዝቅ አለ። «ፍራሹ… ፍራሹስ ይመቻል?»

ልጅቱም ከአባቷ ቀጥላ መጣች። በእስር ቤቱ በር ፍርግርግ በኩል ሁለቱ ሲንሾካሾኩ ሳጅኑ ጆሮውን ቢያቆምም ከባለመዶሻው የሰማው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አደራሽን።» ልጅቱ ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ ወጣች።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ፍለጋ ተካሄደ። ቀይ ውርንጭላ በየጋጡ፣ በየመስኩ፣ በገበያውም ጭምር ተፈለገ። ሳጅኑ አንድ ቀይ ጥጃ አግኝቶ በደስታ ካመጣ በኋላ ይቅርታ ጠይቆ መለሰው። በመጨረሻ ከግቢው ወዲያ ማዶ ካሉት ጎረቤት ዘንድ ሄዱ። ጎረቤቱ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ የራሳቸው ፈረሶች አሏቸው፤ ከሰው ጋር ብዙ ማውራት አይወዱም።

«ቀይ ውርንጭላ አላዩም?»

«አላየሁም።»

በአጥሩ ውስጥ አንዲት ግራጫ ባዝራ ሣር ትግጣለች። ከጎኗ አንድ ውርንጭላ ቆሟል፤ ገላው ቀላ ያለ፣ እግሮቹ ግን ከጉልበት በታች ቀለም ውስጥ የተነከሩ ይመስል ጥቁር ናቸው።

«ይኸኛውስ?»

«ይኸ ጥቁር እግር ነው። አጠገቡም ባዝራ አለች።» ጎረቤቱ ጥቂት አሰቡና «ልጇ ነው» ሲሉ ጨመሩ።

ውርንጭላው ወደ አጥሩ ቀረብ አለ። ኢንስፔክተሩ ጉዳዩ በበቂ ሁኔታ እንደተጣራ ወሰነና ወደ መኪናው ተመለሰ።

ተጠርጣሪውን በምስክር የማስለየቱ ሥርዓት የተደረገው የዚያኑ ዕለት ነበር። ሳጅኑ ባለመዶሻውን ከአምስት ሰዎች ጋር ግድግዳ ተደግፎ እንዲቆም አደረገው፤ ከአምስቱ አንዱ የጣቢያው ጸሐፊ ሲሆን እንደ ወንጀለኛ ለመታየት ብሎ ፊቱን አኮሳትሮ ነበር። ዘበኛው ተጠርቶ ገባ።

«እስቲ ቀይ ዳማውን አሳየን» አለ ኢንስፔክተሩ።

ዘበኛው ሰዎቹን አልፎ ከኋላቸው ተመለከተ። ከዚያም ወደ መስኮቱ ሄዶ ጓሮውን ቃኘ።

«የት አሰራችሁት?»

«ፊትህ ነው ያለው! እነዚህን እያቸው እንጂ።»

«አየኋቸው። ሰዎች ናቸው።»

«አዎ ሰዎች ናቸው! ከእነሱ ውስጥ ማለዳ በኋላ በር የወጣው የትኛው ነው?»

ዘበኛው በእርጋታ ቆቡን አወለቀ። «ኢንስፔክተር፣ እኔ ያየሁት አራት እግር ነበረው።»

ቀድሞ የሳቀው ባለመዶሻው ነው፤ ቀጥሎ ጸሐፊው። ሳጅኑ ማስታወሻውን ገልጦ በቀስታ አነበበ፤ «የተለየ ልብስ አልለበሰም…»

«ውርንጭላ ምን ይለብሳል?» አለ ዘበኛው። «ለዚያ ነው እኮ ጥያቄው የገረመኝ።»

ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ውርንጭላው ቀይ ነው ተብያለሁ።»

«ሲወለድ ቀይ ነበር። የልጅነት ጠጉሩን ሲያራግፍ እግሩ መጥቆር ጀመረ፤ ጋማና ጅራቱም እንደዚያው። እንዲህ ያለው ዳማ ይባላል። ይኸኛው ገላው ደመቅ ስለሚል ቀይ ዳማ አልኩት። ወዲያው ዶክተሩ በፋሻ ጠቀለሉትና እስከ ሐሙስ ማለዳ ድረስ እግሩን መልሼ አላየሁትም።»

«ጃንጥላ የያዘው ሰውስ?»

«እሱን ነግሬዎታለሁ፤ አላየሁትም። ግን ውርንጭላው ለማያውቀው ሰው አይነዳም። እኔ፣ ዶክተሩ ወይም ይኼ» ብሎ በአገጩ ወደ ባለመዶሻው አመለከተ።

ባለመዶሻው ሳቁን አቆመ። «ታዲያ እኔ ልሂድ?»

«ማለዳ የት እንደነበርክ ስትነግረኝ ትሄዳለህ።»

«እንግዲያው አልሄድም» አለ ባለመዶሻው፤ ግድግዳውንም በጀርባው ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ኢንስፔክተሩ በቀጥታ ወደ ሐኪሙ የሕክምና ክፍል ሄደ። አንድ ነገር ከንክኖታል፤ ወይዘሮዋ ሁለቱም ወላጆች መጋላ ናቸው ብለውት ነበር።

«ዶክተር፣ ከሁለት መጋላ ዳማ ይወለዳል?»

ሐኪሙ መርፌ እያጸዱ ነበር። አንዷን መርፌ ደጋግመው አጸዷት።

«ይወለዳል። ለምን አይወለድም? ወደ አያቱ ወጥቶ ይሆናል። የጄኔራሉ አባት ዳማ ነበር።»

«አያት ነው እንግዲህ» አለ ኢንስፔክተሩ፤ እንቆቅልሹ ስለተፈታለት ደስ ብሎት አመስግኖ ወጣ።

ደስታው ቤቱ እስኪደርስ ብቻ ቆየ። ታላቅ እኅቱ ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ እሱ ሲገባ እግራቸውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ነክረው ተቀምጠው ነበር። እግር በውኃ ሲነከር የሰው ግርማ ይቀንሳል፤ የእሳቸው አልቀነሰም። ሳጅኑ ሪፖርቱን ይዞ በሩ አጠገብ እንደቆመ፣ ኢንስፔክተሩ የቀኑን ውሎ ተረከላቸው።

«ቆይ» አሉ እትዬ። «ወደ አያቱ ወጣ ያለህ ማነው?»

«ሐኪሙ።»

«የተማረ ሐኪም?»

«ዲግሪው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ አይቼዋለሁ።»

«እንግዲያው ዋሽቶሃል። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። እትዬ ጣታቸውን አነሡ፤ ሳጅኑም ሳያስበው በትኩረት ቆመ።

«መጋላነት ዝምተኛ ነው። ልጅ ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ የቀለም ዘር ይወርሳል፤ መጋላ ሆኖ የሚታየው ከሁለቱም የወረሰው ዝምታ ሲሆን ብቻ ነው። ዳማውን ዳማ የሚያደርገው ጥቁር እግርና ጥቁር ጋማ ግን ጯሂ ነው። አንዱ ብቻ ቢገባ እንኳ ይታያል። ገባህ?»

«ገባኝ፣ እትዬ።»

«እንግዲህ ሁለት መጋላዎች ቢጋቡ እናቲቱ ለልጇ ምን ትሰጣለች?»

«ዝምታ።»

«አባትየውስ?»

«ዝምታ።»

«ታዲያ ጩኸቱ ከየት መጣ?»

«ከአያቱ…» አለ ኢንስፔክተሩ በደካማ ድምፅ።

«አያት ከሰማይ አይወርድም! ወደ ልጅ ልጁ ሲሄድ በልጁ በኩል ማለፍ አለበት። ሲያልፍ ደግሞ ይጮኻል። ጄኔራሉ ላይ ካልጮኸ በጄኔራሉ በኩል አላለፈም። ሁለት ዳማዎች መጋላ ሊወልዱ ይችላሉ፤ ዝምታ ተደብቆ መኖር ይችላልና። ሁለት መጋላዎች ግን ዳማ አይወልዱም። በጭራሽ። ይህን የእንስሳት ሐኪም ሊስተው አይችልም።»

ከበሩ በኩል ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ ይህ ነገር ሰው ላይም ይሠራል? የእኔ ትንሹ ልጅ መልኩ ከእኔም ከእናቱም…»

«የሰው መልክ ብዙ እጅ የገባበት ነው።»

ሳጅኑ ግድግዳውን ያዘ። «ብዙ እጅ?»

«ከብዙ ቦታ የሚወረስ ነው ማለቴ ነው፣ አንተ ጅል! ሂድና ልጅህን እቀፍ!»

ኢንስፔክተሩ አልሳቀም። «ስለዚህ ውርንጭላው የጄኔራሉ ልጅ አይደለም» አለ እንደ ሕልመኛ። «የጠፋውም ለስርቆት ሳይሆን እንዳይታይ ነው። ቆዳው ራሱ ማስረጃ ነው። ግን እትዬ፣ ዳማ ውርንጭላ የት ይደበቃል?»

«ማንም እናትየዋን ሊጠይቃት በማይችልበት ቦታ ነዋ። ከግራጫ አጠገብ። ግራጫ ፈረስ ሲወለድ ዳማ ወይም መጋላ ወይም ጥቁር ሆኖ ይወለድና ከዕድሜ ጋር ይነጣል። ያ ንጣት መሸፈኛ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ቀለም ማንም አያይም። ግራጫ እናት ዳማ ወለደች ቢሉህ…»

ኢንስፔክተሩ ተነሥቶ ቆመ። ፊቱ ቀስ በቀስ ቀላ።

«ምን ሆንክ?»

«አግኝቼው ነበር» አለ። «ወደ እኔ ሲመጣ… መኪና ውስጥ ገባሁ።»

ቅዳሜ በጠዋት ኢንስፔክተሩ በእስር ቤቱ ፍርግርግ ፊት ቆመ። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለው ባለመዶሻውን። «የት እንደነበርክ አልጠይቅህም። ዶክተሩ ሐሙስ ማለዳ ተኝተው ነበር?»

ባለመዶሻው ግራ ተጋባ። «ኧረ አልተኙም። ጃንጥላቸውን ይዘው ሲወጡ ጠብቄ እኮ ነው…» አፉን በእጁ ያዘ፤ ግን ቃሉ አምልጦት ነበር።

«ጠብቀህ ምን?»

«ጓሮ ገብቼ የልጅቱን መስኮት አንኳኳሁ» አለ እያቃሰተ። «ከሠርጉ በፊት ቤቱ ደጃፍ ድርሽ እንዳትል ብለውኝ ነበር። ቢሰሙ ያን ቀን ሠርጉን ይሰርዙታል። እሷንም አደራ ያልኳት ለዚህ ነው። እባክዎት አይንገሯቸው!»

«አልነግራቸውም» አለ ኢንስፔክተሩ። «እሳቸውም የሚነግሩኝ ነገር አላቸው።»

ሐኪሙን ወደ ጎረቤቱ አጥር ወሰዳቸው፤ ወይዘሮዋም በመኪናቸው ተከትለው መጡ። ዳማው ውርንጭላ ከግራጫዋ ጎን ቆሞ ነበር። ኢንስፔክተሩ ሦስት እርምጃ ወደ አጥሩ ቀረበ፤ በሕይወቱ ካደረጋቸው ደፋር ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

«ዶክተር፣ አያቱ በማን በኩል አለፈ?»

ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ ጫማቸውን አዩ። «በማንም» አሉ። «አባቱ የዚህ ጎረቤት ዳማ ድንጉላ ነው። እሜቴን እኔ ነኝ ወደዚህ ያመጣኋት።»

«ምን?» አሉ ወይዘሮዋ።

«ጄኔራሉ አርጅቷል፣ እመቤቴ። አይችልም። እርስዎ ደግሞ ካልወለደ ይሸጣል አሉ። ያረጀ ድንጉላ ማን ይገዛል? የሚገዛው ሣር ሊያበላው አይደለም። ከእጄ ስኳር ሲልስ የኖረ ፈረስ ነው…» ድምፃቸው ተሰበረ። «የጎረቤቴ ድንጉላ ዳማ ቢሆንም ዝምተኛውን የመጋላ ዘር በውስጡ ይዞ ሊሆን ይችላል ብዬ ነበር። ከያዘ ግማሽ ዕድል ነበረኝ። ልጁ ሲወለድ ቀይ መስሎ ስለታየኝ ደስ አለኝ። በኋላ እግሩ ጠቆረ።»

«የመዝገብ ቤቱ ሰው ጠጉሩን ወስዶ ቢያስመረምርስ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«እሱን በኋላ አስብበታለሁ ብዬ ነበር። ወንጀለኛ ሆኜ አላውቅም።»

«ባለመዶሻውስ? ንጹሕ ሰው በእርስዎ ፋንታ ታስሮ?»

ሐኪሙ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። «ዛሬ ማታ ልናገር ነበር።»

«ለምን ዛሬ ማታ?»

«እስከዚያ ልጄ ሐሳቧን ትለውጥ ይሆናል ብዬ።»

ጎረቤቱ ከአጥሩ ወዲያ «እኔ ‹ልጇ ነው› ብቻ ነው ያልኩት፤ የማን ልጅ እንደሆነ አልተናገርኩም» አሉ። የሰማቸው የለም።

ወይዘሮዋ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ሳጅኑ ይህን ለልጆቹ እንደሚነግራቸው በዚያች ቅጽበት ወሰነ። ውርንጭላውን አዩት፤ ሐኪሙን አዩአቸው፤ ሐኪሙን ረዘም አድርገው አዩአቸው።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ጡረተኛ አልቀልብም ብለው ነበር።»

«ብዬ ነበር! እኔ ብዙ ነገር እላለሁ! እኔ ያልኩት ሁሉ ቢሆን ኖሮ እዚያ ግቢ ውስጥ አንድ ሰው ይቀር ነበር? እርስዎንስ ስንት ጊዜ አባርሬዎታለሁ?» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ጄኔራሉ የትም አይሄድም። ልጁም በእውነተኛው አባቱ ስም ይመዘገባል። ክሴን ግን እስከ ሰኞ አላነሣም። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ሦስት ወር የተሞኘሁትን በአንድ ጠዋት ይቅር አልልም፤ መናደድ መብቴ ነው!»

ይህ ማለት ሐኪሙ እስከ ሰኞ ይታሰራሉ ማለት ነው። ሠርጉ ደግሞ እሑድ ነው።

በጣቢያው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ባለመዶሻው ሲወጣና ሐኪሙ ሲገቡ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ለሁለት ሰው የሚበቃ ቦታ አልነበረም። ልጅቱ በሩ ላይ ቆማለች፤ ማንን ቀድማ እንደምታቅፍ ስላልወሰነች እጆቿ አየር ላይ ቀርተዋል።

«ያው ነው» አሉ ሐኪሙ ለጫማቸው። «ከእስር ቤት የመጣ ሙሽራ አልቀበልም ብዬ ነበር። አሁን ደግሞ እስር ቤት የገባ አባት አለሽ። ሠርጉን አስተላልፉት። ወይም ያለ እኔ ደግሱት።»

ልጅቱ ማልቀስ ጀመረች። ባለመዶሻው ሐኪሙን አየ፣ ሙሽራይቱን አየ፣ ከዚያም ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረ።

«ኢንስፔክተር፣ እኚህን ሰውዬ እስከ ሰኞ ሊያውሱኝ ይችላሉ?»

«እስረኛ አይዋስም» አለ ኢንስፔክተሩ። «በዋስ ግን ይወጣል። ቋሚ ሥራ ያለው፣ ቢጠፉ ተጠያቂ የሚሆን ሰው ካለ።»

«እኔ አለሁ።»

«አንተ?» አሉ ሐኪሙ። «ሁለት ሌሊት በእኔ ፋንታ የታሰርከው አንተ?»

«ፍራሹ ይመቻል» አለ ባለመዶሻው። «ብርድ ልብሱም ደህና ነው። ግን ነገ ልጅዎ ከእርስዎ ጋር ካልገባች አትገባም፤ አውቃታለሁ። እኔ ደግሞ ያለ እሷ ምን አደርጋለሁ?»

ሳጅኑ ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጦ የዋስትናውን ወረቀት ሳበ። የዋሱን ሥራና አድራሻ ጠይቆ ጻፈ። ከዚያ ብዕሩን አንሥቶ ቀና አለ።

«ከተጠርጣሪው ጋር ያለህ ዝምድና?»

ባለመዶሻው ለሦስት ዓመት ደጅ የጠናበት ቃል ነው፤ በገዛ አፉ ሊለው ግን ፈራ። ወደ ሐኪሙ ተመለከተ። ልጅቱም ተመለከተች፤ ኢንስፔክተሩም፤ ጸሐፊውም ሳይቀር ከክፍሉ አንገቱን አወጣ።

ሐኪሙ ከጫማቸው ላይ ዓይናቸውን አነሡ።

«ምን ታየኛለህ?» አሉ ሳጅኑን ተቆጥተው። «አማቼ ነው! ጻፍ።»